ጅማ ውስጥ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲመርጡ፦ ውጤቱን ከነተማሪዎቹ ማወዳደር

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጅማ ውስጥ የቡና ላይ ጨዋታው ሁሉ ወደ ምዝገባ ያመዝናል። «የትኛው ነው የሚያሳልፈው?» ይባላል፤ መልሱም አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው። መሀል ከተማ ያሉት ነባሮቹ ጎበዝ፣ ዳር ያሉት ደካማ፣ አቅም ያለው ደግሞ ወደ ግል። መልሱ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። ግን ትምህርት ቤቱ የሠራውን ሥራና ልጆቹ ከቤታቸው ይዘው የመጡትን ጠቅልሎ እንደ አንድ ነገር ይናገራል። እናቷ ነርስ፣ አባቷ መምህር የሆነች፣ ማታ መብራት ስር የምታጠና ልጅ 90 ብታመጣ ምስጋናው ሁሉ የትምህርት ቤቷ አይደለም። ከትምህርት በኋላ ቆሎ አዙሮ የሚሸጥ ልጅ 60 ካመጣ ግን እዚያ ግቢ ውስጥ አንድ መምህር ብዙ ለፍቷል።

ስለዚህ ትምህርት ቤቶቹን ሲያወዳድሩ ከውጤቱ ጎን ለጎን ማን እንደተማረበት ይዩ። ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ከባድ አይደለም፤ ጥቂት ጥያቄና አንድ ጠዋት ይበቃል።

«ስንት አሳለፈ?» ሲባል «ከስንት?»

አሁን እርከኑ 6-2-4 ነው፤ አንደኛ ደረጃ ከ1ኛ እስከ 6ኛ፣ መካከለኛ ደረጃ 7ኛና 8ኛ፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁለተኛ ደረጃ። በ6ኛና በ8ኛ ክፍል መጨረሻ ልጆቹ ከትምህርት ቤታቸው ውጭ የተዘጋጀ ፈተና ይቀመጣሉ። የ8ኛውን ብዙ ሰው ዛሬም «ሚኒስትሪ» ነው የሚለው። አንዱን ትምህርት ቤት ከሌላው ጋር በውጤት ለማወዳደር የሚሆኑት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። የሪፖርት ካርድ አማካይ ለዚህ አይሆንም፤ ጥያቄውን ያወጣውም ያረመውም የራሱ የትምህርት ቤቱ መምህር ነውና። አንዱ ጋ 85 ማለት ሌላው ጋ 60 ሊሆን ይችላል።

የፈተናው ውጤትም ቢሆን እንደተለጠፈ አይወሰድም። እንበልና ሁለት ትምህርት ቤቶች መስከረም ላይ እኩል 60፣ 60 ተማሪ 6ኛ ክፍል መዘገቡ። የመጀመሪያው በዓመቱ መጨረሻ 40 አስፈትኖ 38 አሳለፈ፤ «95 ከመቶ አሳልፈናል» ብሎ ይለጥፋል። ሁለተኛው 58 አስፈትኖ 46 አሳለፈ፤ 79 ከመቶ ነው። ሰፈሩ የመጀመሪያውን ያወድሳል። መስከረም ላይ ከተመዘገቡት ሲሰላ ግን የመጀመሪያው 63 ከመቶ፣ ሁለተኛው 77 ከመቶ ነው ያሳለፈው።

የጎደሉት 20 ልጆች የት ገቡ? ይህን ጥያቄ ርዕሰ መምህሩን ወይም ምክትሉን ፊት ለፊት መጠየቅ ነውር የለውም። መልሱ ሦስት ዓይነት ነው። ቤተሰብ ሰፈር ቀይሮ መሸኛ የወሰደ ይኖራል፤ ይህ ኪራይ ቤት በበዛበት ከተማ የተለመደ ነው። ቡና ለቀማ ሲደርስ ዘመድ ጋ ሄዶ ያልተመለሰ ይኖራል። ሦስተኛው ወዲያው አይነገርም፤ ደካማ ነው የተባለውን ልጅ ቤተሰብ ጠርቶ «ዘንድሮ ባይፈተን፣ ቢደግም ይሻለዋል» እያሉ ማስቀረት። እንዲህ የሚያደርግ ትምህርት ቤት ቁጥሩ ያምራል። የእርስዎ ልጅ የደከመ ቀን ግን ምን እንደሚገጥመው ከወዲሁ አወቁ ማለት ነው።

ሮስተሩን ማየት ከቻሉ የተሻለ ነው። የክፍል ኃላፊው መምህር ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋው ያ ሰፊ ወረቀት፣ በቀኝ በኩል ድምር፣ አማካይ፣ ደረጃ። የሌላ ሰው ልጅ ስም ማየት ስለማይገባዎ ስሙን ሸፍነው ቁጥሩን ብቻ እንዲያሳዩዎ ይጠይቁ። ሁሉም ሰው ዓይኑ ከ1 እስከ 3 የወጡት ላይ ያርፋል። እርስዎ ከታች ይጀምሩ። ከ60 ተማሪ መጨረሻዎቹ 15 ልጆች አማካያቸው 50 አካባቢ ከሆነ ያ ክፍል ማንንም አልጣለም። ከላይ 95 ያላቸው አምስት ልጆች ኖረው ከታች 30 የሚያገኙ 20 ልጆች ካሉ ግን፣ ጎበዞቹን ያስተማራቸው ቤታቸው ሳይሆን አይቀርም።

እዚህ ላይ የጠበቁትን ቁጥር ከአገሩ ሁኔታ ጋር ማስተያየት ይበጃል። በ4ኛ ክፍል የተሰጠው አገር አቀፍ የትምህርት ምዘና አማካይ በ1992 ዓ.ም. 47.9 ከመቶ ነበር፤ በ2000 ዓ.ም. ወደ 40.9 ወርዷል። የትምህርት ፖሊሲው ደግሞ ቢያንስ 50 ይጠብቃል። የዓለም ባንክ ስሌትም 10 ዓመት አካባቢ ካሉት የአገራችን ልጆች 90 ከመቶ ያህሉ ቀለል ያለ ጽሑፍ አንብበው እንደማይረዱ ያሳያል። በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ የሆኑት በድንገት አይደለም፤ ጉድለቱ የተጀመረው 1ኛና 2ኛ ክፍል ላይ ነው። እንግዲህ በውጭ ፈተና አማካዩ 55 የሆነ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲያገኙ አፍንጫዎን አይንፉበት። በራሱ ካርድ ላይ አማካዩ 88 የሆነውን ግን ይጠርጥሩት።

በበሩ የሚገቡት እነማን ናቸው?

ጅማ ድብልቅ ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 120,960 ነዋሪ ነበራት፤ 46.84 ከመቶው ኦርቶዶክስ፣ 39.03 ከመቶው ሙስሊም፣ 13.06 ከመቶው ፕሮቴስታንት። ከተማዋ ከዚያ ወዲህ ብዙ ብታድግም ድብልቅነቷ ያው ነው። ኦሮሞ፣ አማራ፣ ዳውሮ፣ ጉራጌ፣ ከፋ፣ የም አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። ይህ ለልጅ ጥሩ ነገር ነው፤ የግል ትምህርት ቤት በክፍያ የማይሰጠውም ይህንን ነው። ለንጽጽር የሚጠቅመን ግን ብሔሩና ሃይማኖቱ አይደለም፤ የልጁ ኑሮ ነው።

መርካቶና ሂርማታ አካባቢ ያለ ትምህርት ቤት የነጋዴም የተሸካሚም ልጅ ይዞ ይውላል፤ በገበያ ቀን የሚቀረው ልጅ ቁጥር እዚያ ሌላ ነው። ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢዎች የተጠጋው ደግሞ የሠራተኛና የመምህር ልጅ ይበዛዋል። ጅሬን አቅጣጫና ሌሎቹ የከተማዋ ዳርቻዎች ከገበሬ ቤት በእግሩ የሚመጣ ልጅ አላቸው። በሁሉም ውስጥ ተደብቆ ያለው፣ ከገጠር መጥቶ ዘመድ ቤት እያገለገለ የሚማረው ልጅ ነው። ይህ ልጅ ዕድሜው ከክፍል ጓደኞቹ ሁለት ሦስት ዓመት ይበልጣል፣ ጠዋት ውኃ ቀድቶ፣ አንዳንዴም እንጀራ ጋግሮ ነው የሚመጣው፣ የቤት ሥራም አይሠራም። እንዲህ ያሉ ልጆች የበዙበት ትምህርት ቤት ውጤቱ ዝቅ ቢል መምህራኑ ሰነፎች ናቸው ማለት አይቻልም።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለውን ለብቻው ይጠይቁ። የጅማ ዙሪያ ቡና የሚለቀመው ያኔ ነው፤ የመጀመሪያው መንፈቅ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። «በቡና ጊዜ የሚቀር ተማሪ ስታገኙ ምን ታደርጋላችሁ?» ብለው ሲጠይቁ አንዱ ርዕሰ መምህር ትከሻውን ይነቀንቃል። ሌላው ለተመለሱት ልጆች ቅዳሜ ማካካሻ እንዳለ፣ ቤት ድረስ የሚሄድ መምህር እንደመደበ ይነግርዎታል። የእርስዎ ልጅ ቡና ለቀማ ሄዶ አያውቅ ይሆናል። ሆኖም የቀረውን ልጅ ተከታትሎ የሚመልስ ትምህርት ቤት የእርስዎም ልጅ ሲታመም ይፈልገዋል።

ሌላው የሴቶቹ ቁጥር ነው። 1ኛ ክፍል ላይ ስንት ሴት አለ፣ 6ኛ ላይስ? ከታች እኩል ሆኖ ከላይ ሲሳሳ ምክንያቱ ቤት ውስጥ ብቻ ላይሆን ይችላል። የመጸዳጃ ቤቱን በር ከፍተው ይዩ። መዝጊያ የሌለው፣ ውኃ የማይደርስበት ከሆነ ከ5ኛ ክፍል በላይ ያሉት ልጃገረዶች በወር ስንት ቀን እንደሚቀሩ ራስዎ ይገምቱት።

ከ1ኛ ክፍል ገቢዎቹ ስንቶቹ ቅድመ መደበኛ እንዳለፉም መጠየቅ ነው፤ ኬጂ ይሁን ኦ ክፍል ወይም በክልሉ ቡኡረ ቦሩ የሚባለው። ፊደል ቆጥሮ የገባ ልጅና እርሳስ ይዞ የማያውቅ ልጅ በአንድ ክፍል ሲገናኙ የመጀመሪያው መንፈቅ ለሁለቱም እኩል አይሄድም።

አፋን ኦሮሞ ወይስ አማርኛ?

ጅማ ላይ ከውጤቱም በላይ ቤተሰብን የሚያከራክረው ይህ ነው። በክልሉ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ከተሞች ላይ በአማርኛ የሚያስተምሩ ክፍሎችም አሉ። ሁሉም ትምህርት ቤት ሁለቱን አይዝም። እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል፤ 9ኛ ሲደረስ ማስተማሪያው እሱ ይሆናል።

ንባብ የሚጀመረው በሚያውቁት ቃል ላይ ነው። ቤቱ አማርኛ ብቻ የሚሰማ ልጅ በአፋን ኦሮሞ ክፍል ቢገባ ፊደሉንም ቋንቋውንም በአንድ ጊዜ ይማራል፤ ሁለት ሥራ ነው። በተቃራኒውም ያው ነው። እስከ 4ኛ ክፍል ድረስ የቤቱን ቋንቋ ቢከተል ይሻላል ባይ ነኝ። ግን የጅማ ልጅ በአብዛኛው አንድ ቋንቋ ብቻ አያውቅም። ግቢው ውስጥ በአፋን ኦሮሞ ተጣልቶ በአማርኛ ለእናቱ የሚከስ ልጅ በየሰፈሩ አለ። እንዲህ ላለው ቋንቋው አያግደውም፤ የተሻለ መምህር ያለበትን ክፍል ይምረጡለት። አፋን ኦሮሞን ጽፎ ማንበብ መቻሉ ደግሞ ወደፊት በዚሁ ከተማ ሥራ ለሚፈልግ ሰው የሚንቀው ነገር አይደለም። ቁቤ የሚባለው የአፋን ኦሮሞ ጽሕፈት የላቲን ፊደል ስለሆነ የእንግሊዝኛውን ፊደል ዓይኑ ቶሎ ይለምደዋል፤ የድምፁ አነባበብ ስለሚለያይ ግን መጀመሪያ ላይ ጥቂት ያደናግረዋል።

የአማርኛ ክፍል ለሚፈልጉ ሦስት ነገር ማጣራት የግድ ነው። በየክፍል ደረጃው ስንት ሴክሽን አለ? አንድ ብቻ ከሆነ ከየሰፈሩ የሚመጣው ልጅ እሱ ውስጥ ይታጨቃል። እስከ 8ኛ ይቀጥላል ወይስ 6ኛ ላይ ያበቃና ሌላ ትምህርት ቤት መፈለግ አለ? መምህራኑስ ለዚያው የተመደቡ ናቸው ወይስ ከሌላው ክፍል እየተዋሱ ነው? 3ኛ ወይም 4ኛ ክፍል ላይ ቋንቋ መቀየር ልጁን ቢያንስ አንድ ዓመት ያስከፍለዋል። ጎበዝ የነበረ ልጅ በአንድ መንፈቅ ዝም ያለ ልጅ ሲሆን ያዩ ወላጆች ያውቁታል።

ግቢ ውስጥ ገብቶ የሚታየው

በአንድ ክፍል የተማሪ ብዛት መለኪያው 50 ነው። ስም የወጣላቸው ነባር ትምህርት ቤቶች ከዚያ ያልፋሉ፤ ስማቸው ራሱ ነው የሚያጨናንቃቸው። ስለዚህ ዳር ያለው «ደካማ» የተባለው ትምህርት ቤት 45 ልጅ በክፍል ይዞ፣ መሀል ያለው 75 ሊይዝ ይችላል። ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል ልጅ ይህ ልዩነት ከፈተና ውጤቱ ይበልጣል። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ 75 ልጅ አንድ በአንድ ማስነበብ አይቻልም፤ ለአንዱ 32 ሴኮንድ ብቻ ነው የሚደርሰው። ለ6ኛ ክፍል ልጅ ግን የተማሪ ብዛቱ ያን ያህል አያስጨንቀኝም፤ ማንበብ የቻለ ልጅ ከብዙ ሰው መሀልም ይማራል።

ፈረቃ ካለው የትኛው ፈረቃ ላይ እንደሚመደብ፣ በየስንት ጊዜው እንደሚገለባበጥ ይጠይቁ። የከሰዓት ፈረቃ በጅማ ዝናብ ከባድ ነው።

ስለ ዝናብ ካነሣን ጣሪያውን ቀና ብለው ይዩ። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ስር ጠንከር ያለ ዝናብ ሲወርድ የመምህሩ ድምፅ ሁለተኛው ረድፍ አይደርስም። መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ ይጠብቃል፣ ልጆቹ ይጫወታሉ። ይህች ከተማ ደግሞ በክረምት ብቻ ሳይሆን በበልግም ትዘንባለች። ስለ ኮርኒስ የሚጠይቅ ወላጅ አላጋጠመኝም፤ ስለ ግቢው አበባ የሚያወራ ግን ብዙ ነው።

ትምህርት ቤቶች በኢንስፔክሽን ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ ይህንንም ይጠይቁ። 26 መለኪያዎች አሉት፤ ግብዓት 25፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40 ከመቶ ይይዛሉ። ከ50 በታች ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 70 ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 90 ደረጃ 3፣ ከዚያ በላይ ደረጃ 4 ነው። በአገሪቱ አብዛኛው ትምህርት ቤት 1ና 2 ላይ ስለሆነ ደረጃ 2 ሲባሉ አይደንግጡ። ጠቅላላው ደረጃ ብዙም አይነግርዎትም። ሦስቱን ለየብቻ ይጠይቁ፤ ግብዓቱ ዝቅ ብሎ ሂደቱ ከፍ ያለ ትምህርት ቤት ካገኙ ሕንፃው ቢያረጅም መምህራኑ ይሠራሉ ማለት ነው። እኔ የምመርጠው እንዲህ ያለውን ነው።

የመጨረሻው መመዘኛ ንባብ ነው፤ ለዚህ የርዕሰ መምህሩ ፈቃድም አያስፈልግም። ሰፈርዎ ውስጥ እዚያ የሚማር የ2ኛ ወይም የ3ኛ ክፍል ልጅ ይኖራል። እናቱን አስፈቅደው የቋንቋ መጽሐፉን እንዲያነብልዎ ይጠይቁት። ብዙው ልጅ የሚያውቃትን ገጽ ይከፍትና እንደ መዝሙር ያንበለብለዋል፤ ዓይኑ ግን መጽሐፉ ላይ የለም፤ ሥዕሉን አይቶ በቃሉ ነው የሚወጣው። ያኔ ጣትዎን መሀል ላይ ያለ አንድ ቃል ላይ ያሳርፉና «ይችስ ምን ትላለች?» ይበሉት። የሚያነብ ልጅ ትንሽ ተንተባትቦ ይነግርዎታል። በቃሉ የያዘው ከመስመሩ መጀመሪያ ተነሥቶ እየዘመረ እዚያ ቃል ላይ ለመድረስ ይሞክራል። ከአንድ ትምህርት ቤት የመጡ አራት አምስት ልጆችን እንዲህ ካዩ በር ላይ ከተለጠፈው ውጤት የበለጠ አውቀዋል። ልጁን ግን አያሳፍሩት፤ ጥፋቱ የሱ አይደለም፤ ከረሜላ ሰጥተው ይሸኙት።

ታዲያ ለማን የትኛው?

ልጅዎ ገና 1ኛ ክፍል የሚገባ ከሆነና ቤት ውስጥ የሚያስጠና ሰው ከሌለ፣ በክፍል ጥቂት ልጅ የያዘውንና በእግር የሚደረስበትን ይምረጡ፤ ስሙ ባይጠራም። ጠዋት ሩቅ ሄዶ ደክሞት የሚገባ የ7 ዓመት ልጅ ከነባሩ ትምህርት ቤት ዝና የሚያገኘው ነገር የለም። የባጃጅ ኮንትራት የሚከፍሉበትን ገንዘብ ማታ ለሚያስነብበው ጎረምሳ ቢሰጡት ያዋጣል።

ቤት ውስጥ የሚያግዝ ሰው ካለና ልጁ ማንበብ ከጀመረ፣ ከ4ኛ ክፍል ጀምሮ ነባሩ መሀል ከተማ ያለው ይሻላል። የትምህርት ዓይነት መምህራን አሟልቶ የመያዝ ዕድሉ ሰፊ ነው፣ ቤተ መጻሕፍቱ ክፍት የመሆን ዕድሉም እንዲሁ፣ የሚፎካከሩት ልጆችም ያነቃቁታል።

ወደ ግል ለሚያስቡ አንድ ነገር ብቻ። የግሉ ውጤት ከፍ የሚለው ከፋይ ቤተሰብ ስላለው፣ አንዳንዱም ፈትኖ ስለሚቀበል ነው። የእንግሊዝኛው ብልጫ እውነተኛ ነው፤ ቀሪውን ብልጫ ግን የእርስዎ ቤት ራሱ ሊሰጠው ይችላል። ሁለተኛና ሦስተኛ ልጅ ሲከተል ክፍያውን መቀጠል የማይችሉ ከሆነ 3ኛ ክፍል ላይ ከግል አውጥቶ ወደ መንግሥት ማስገባት፣ በዚያ ላይ ቋንቋው ከተቀየረ፣ ለልጁ ከሁሉም ይከፋል።

አካል ጉዳት ላለበት ልጅ ንጽጽሩ ሌላ ነው። የሠለጠነ የልዩ ፍላጎት መምህር ያለበት የትኛው እንደሆነ የከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያውቀዋል፤ ሰፈርን ሳይሆን ያንን ይከተሉ።

የወላጅ፣ የተማሪና የመምህራን ኅብረት የሚሰበሰብ መሆኑንም ከአንድ ሁለት ወላጅ ያጣሩ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ የሚነሣው መዋጮ ብቻ ከሆነ ነገሩ ይገባዎታል።

ሲወስኑ የልደት ካርድና የመኖሪያ ማስረጃ፣ ከሌላ ትምህርት ቤት ለሚመጣ መሸኛና ያለፈው ዓመት ካርድ በእጅ ይያዙ። የስም አጻጻፉ በሁሉም ላይ አንድ መሆኑን እዚያው ያመሳክሩ፤ በቁቤና በፊደል ሲጻፍ የአያት ስም እየተለያየ 8ኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ላይ ቤተሰብ የሚያንከራትተው ይህ ነው። ምርጫዎ የአማርኛ ክፍል ከሆነ ወይም ነባሩ ትምህርት ቤት ከሆነ መስከረምን አይጠብቁ፤ ቦታው የሚያልቀው ክረምት ላይ ነው።